በድሬዳዋ ሙቀት በብርድ የሞቱት ሰው

በወጣትነቴ ድሬዳዋ ላይ የሚሞተው ዶሮ ብቻ ነበር። ሰው አይሞትም። ሹም ከሆነ ከዚህ ዓለም ድካም ያርፋል፤ ነጋዴ ከሆነ በሞት ይለያል፤ ተራ ሠራተኛ ከሆነ ያልፋል፤ የሙስሊሞቹ ሰፈር መጋላ ውስጥ ከሆነ ወደ አኼራ ይሄዳል። «ሞተ» የሚለውን ቃል ለሰው ሲጠቀም የሰማሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የበግ ነጋዴ ስለነበረ አፉ ለምዶበት ነው።

ይህን በደንብ የማውቀው እንጀራዬ ባይሆንም ዝናዬ ስለነበረ ነው። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቀን ቀን በአንድ የዕቃ አስመጪ ቢሮ ፈረንሳይኛ ደብዳቤ እየተረጎምኩ፣ በትርፍ ጊዜዬ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበርኩ። ሰው ሲሞት፣ ይቅርታ፣ ሲያርፍ፣ በመቃብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሥራው የራሱ ወግ አለው። ጡሩምባ ከተነፋ በኋላ ቤተሰቡ የሟቹን ወረቀቶች በካርቶን ሞልቶ ይሰጠኛል፤ የሥራ ምስክር ወረቀት፣ የክርስትና ስም፣ አሮጌ ደብዳቤ። እኔ ከዚያ ውስጥ የተከበረ ሰው አወጣለሁ። ከሌላ ሰፈር ሳይቀር እየመጡ ይለምኑኝ ነበር፤ ከእኔ እጅ ያልተከበረ ሰው ወጥቶ አያውቅም።

በተለይ የተካንኩት የሞቱን ምክንያት በሚናገረው መስመር ነበር። «በአጭር ሕመም» ብዬ ከጻፍኩ ቤተሰቡ እንዳትጠይቁን ብሏል ማለት ነው። «በድንገት» ካልኩ መጠጥ አለበት። «ለረጅም ጊዜ ሲታመሙ ቆይተው» ካልኩ አስታማሚዎቹ ደክመዋል። የሁሉም አለቃ ግን «ብርድ» ነበር። የሳንባ ነቀርሳ የሚባል በሽታ በእኛ ሰፈር አልነበረም፤ የነበረው ብርድ ነው። ብርድ ያለው በበረዶ ፋብሪካው ውስጥ ብቻ በሆነበት ከተማ፣ የሚያነቡትም የሚሰሙትም ላባቸውን እየጠረጉ፣ በዓመት ስንቱን ሰው በብርድ እንደቀበርኩ ቆጥሬው አላውቅም። ማንም ስቆ አያውቅም። እኔም አልሳቅኩም።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ማለዳ አቶ ወርቁ አረፉ።

አቶ ወርቁ የብየዳ ሠራተኛ ነበሩ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት እየከሱ ሄደው ሲስሉ፣ «የብየዳ ጭስ ነው» ይሉ ነበር፤ እኛም የብየዳ ጭስ ነው እንል ነበር። ከሚስታቸው ከወይዘሮ አስካለ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው፤ ሰብለ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። ለአንድ የከዚራ ሰፈር ነጋዴ ልጅ ታጭታ ሠርጓ በሁለት ወር ውስጥ ሊደረግ ነበር። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጠረ።

በሦስት ሰዓት ሄጄ ካርቶኑን ተቀበልኩ። ወይዘሮ አስካለ ከሴቶቹ መካከል ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ድምፃቸው ዘግቶ፣ የምጽፈውን በአጭሩ ነገሩኝ፤ አቶ ወርቁ የት እንደተወለዱ፣ ስንት ዓመት እንደሠሩ፣ የእግዚአብሔር ሰው እንደነበሩ። ስለ ሞታቸው ሳልጠይቅ «ብርድ ነው፤ አንተ ታውቀዋለህ» አሉኝ። አውቀዋለሁ አልኩ።

ቤቴ ገብቼ ወረቀቶቹን ስዘረጋ፣ ከሥራ ምስክሮቹ መካከል በፈረንሳይኛ የተጻፈ አንድ የሐኪም ወረቀት አገኘሁ። ሁለት ዓመት ሆኖታል። የሁለቱም ሳንባዎች ነቀርሳ ይላል፤ አብረው የሚኖሩ ሁሉ እንዲመረመሩ ይላል። አነበብኩት፣ አጠፍኩት፣ ወደ ካርቶኑ መለስኩት። አንድ ባለሙያ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ከዚያ በሚያምረው ጽሕፈቴ «ባደረባቸው ብርድ ምክንያት» ብዬ ጽፌ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ አልኩበት።

አምስት ተኩል ገደማ በሩ ተንኳኳ። ሰብለ ነበረች፤ ጥቁር ለብሳ፣ ያባቷን ፎቶግራፍ በእጇ ይዛ። ፎቶግራፍ ለምኜ አላውቅም። የሕይወት ታሪክ በጆሮ የሚሰማ እንጂ በዓይን የሚታይ አይደለም፤ ከለቅሶ ቤት ለመውጣት ያገኘችው ሰበብ መሆኑ ገባኝ። እንድትቀመጥ ብጠይቃት እምቢ ብላ በሩ አጠገብ ቆመች።

«ምን ብለህ ጻፍክ?» አለችኝ።

አነበብኩላት። ብርድ የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሳች።

«የሐኪሙን ወረቀት አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ። እናትሽ ሳያውቁ ነው መሰለኝ የገባው።»

«ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ የነገረችኝን ቀስ ብላ፣ የሌላ ሰው ነገር እንደምታወራ ሆና ነው የነገረችኝ። ከፋሲካ ወዲህ ደም ትተፋለች። ነጠላዋን ራሷ ታጥባለች። ለማንም አልተናገረችም። ለምን ሐኪም ቤት አልሄድሽም ስላት፣ ድሬዳዋ ላይ ሙሽራ ሐኪም ቤት በር ላይ ከታየች ማታውኑ የወንዱ ቤት እንደሚሰማ አስታወሰችኝ። እናቷም የሐኪም ስም በቤት ውስጥ እንዳይነሳ ከልክለዋል።

«ዛሬ አንተ በሰው ፊት ካነበብከው» አለች፣ «እኔ ምንም መናገር አይጠበቅብኝም። አብሮ የኖረ ሁሉ ይመርመር ይባላል፤ እኔም እንደማንም ተመርምሬ ይገኝብኛል። ብርድ ካልክ ግን እኔም የምሞተው በብርድ ነው። ያንንም የምትጽፈው አንተ ነህ።»

ደም እንደምትተፋ ለእናቷ እንዳልነግር አስማለችኝ። ባሏን በምትቀብርበት ቀን የልጇን አትስማ አለች። ማልኩላት። ፎቶግራፉን ይዛ ተመለሰች።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁለተኛ ወረቀት ጻፍኩ። ከመጀመሪያው የሚለየው በአንድ አንቀጽ ብቻ ነው። ልክ እንደ ሐኪሙ ቃል፣ ምንም ሳልቀባው ጻፍኩት። በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ሁሉ አጭሩ እሱ ነው፤ ረጅም ጊዜ የወሰደብኝም እሱ ነው።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ወይዘሮ አስካለን ለአፍታ ወደ ጓዳ እንዲገቡልኝ ለመንኩ። ጓዳው ከውጭ ይልቅ ይሞቃል። ለቀስተኞቹ ቡና ስለሚጠጡበት ስኒ ቁጥር አንድ ሴትዮ ስትጨቃጨቅ ከመጋረጃው ወዲያ ይሰማ ነበር። ብርድ የምትለዋን ብናወጣት ምን ይመስልዎታል አልኳቸው፤ እንደ ጸሐፊ ለአጻጻፉ ውበት የተጨነቅሁ መስዬ።

«ምን ልታስገባባት?»

የሐኪሙ ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ እንደነበረ ነገርኳቸው። ፊታቸው ላይ ድንጋጤ አላየሁም፤ ድካም ነው ያየሁት። ሣጥኑ ላይ ተቀመጡ።

«ስማኝ ልጄ» አሉ። «ወርቁ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ትራስ አፉ ላይ ይዞ ነው የሳለው። ጎረቤት እንዳይሰማ። የእኛ ግድግዳ ሳንቃ ነው። ሳሉ ሲመጣበት ትራሱን ይነክሳል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ እኔ ጀርባውን እይዘዋለሁ። ይህን ሁሉ ያደረገው ለማን ይመስልሃል? ለእሷ ሠርግ ነው። ሠርጓ ሁለት ወር ቀረው። አሁን አንተ በአንድ መስመር ልታፈርሰው ነው?»

«ሌላ ሰው ይዞት ቢሆንስ?»

«ማን?»

መሐላዬ ትዝ አለኝ። ማንም፣ በደፈናው ነው አልኳቸው። ያ በደፈናው የሚለው ቃል እስከ ዛሬ አፌ ላይ ይመረኛል።

«በደፈናው» አሉ። «አንተ ጽፈህ ትሄዳለህ። የጻፍከው ውስጥ የምንኖርበት እኛ ነን።»

እውነታቸውን ነበር። ክርክርን እንደ ምሳ የምወድ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ሁለት እውነተኛ ሰዎች ግራና ቀኝ ያዙኝ። እሺ፣ እንዳሉ ይሁን ብዬ ወጣሁ። ብርድ የምትለዋን ወረቀት በግራ ኪሴ፣ ሌላዋን በቀኝ ኪሴ ከተትኩ። በሁለት ኪሱ ሁለት ወረቀት የያዘ ሰው አልወሰነም ማለት ነው፤ ያልወሰነ ሰው ደግሞ ጊዜው ሲደርስ የሚያወጣው ቀላሉን ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው ሞልቶ ነበር። ፍትሐቱ አልቆ ሬሳው ከመቃብሩ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጧል። የሰብለ እጮኛ አባት በጥቁር ከረባት፣ ከፊት መስመር፣ ከእድሩ ሊቀ መንበር ከአቶ ዘለቀ ጎን ቆመዋል። የመጋላ ሰዎችም እንደ ወትሮው መጥተው ነበር፤ ከግቢው በር አጠገብ በዛፉ ጥላ ሥር። ከእነሱ መካከል ኡስማን የሚባለው የጭነት መኪና ሹፌር ይታየኛል፤ የአቶ ወርቁ የቅርብ ወዳጅ ነው፤ መኪናውን ስንት ጊዜ በነፃ በይደውለታል። ሴቶቹ በግራ በኩል ናቸው፤ ወይዘሮ አስካለ ከፊት፣ ሰብለ ከኋላቸው።

አቶ ዘለቀ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። እጄ ወደ ግራ ኪሴ ገባ።

ድምፄ ጥሩ ነበር፤ ለዚህም እታወቃለሁ። ትውልዳቸውን አነበብኩ፣ ሥራቸውን አነበብኩ፣ ለጎረቤት መልካምነታቸውን አነበብኩ። ሰብለን ላለማየት ወረቀቱ ላይ ተከልዬ «ባደረባቸው ብርድ ምክንያት» አልኩና ለትንፋሽ ቆም አልኩ።

በዚያች ቆምታ ውስጥ ሳል መጣ። ጮክ ያለ አይደለም። በተዘጋ በር ውስጥ እንደሚሳል ዓይነት ነው፤ ጀምሮ የሚታፈን፣ ታፍኖ እንደገና የሚነሳ። ቀና ስል ሰብለ ነጠላዋን በሁለት እጇ አፏ ላይ ጠቅጥቃ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከአጠገቧ ያሉት ሴቶች የምታለቅስ መስሏቸው ደገፏት። ለቅሶ አለመሆኑን ያወቅነው ሁለት ሰዎች ነን። ወይዘሮ አስካለ ያንን ድምፅ ሁለት ዓመት ሲሰሙት አድረዋል።

ዞሩ። ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩዋት። ሰብለ ነጠላውን ከአፏ ለማውረድ አልደፈረችም፤ እሳቸው ራሳቸው እጃቸውን ዘርግተው አወረዱላት፣ ጨርቁን አዩ፣ መልሰው አጠፉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቆይ ልጄ» አሉ። «ብርድ አይደለም። የሐኪሙን ቃል አንብብ።»

አቶ ዘለቀ ቀረብ ብለው በለሆሳስ፣ ሐዘን ነው፣ ይረጋጉ፣ የእድሩም ደንብ አይፈቅድም አሏቸው።

«እኔ ተረጋግቻለሁ» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «አንብብ።»

ከቀኝ ኪሴ ሌላዋን አወጣሁ። ያ የሚታወቀው ድምፄ የት እንደገባ አላውቅም፤ እንደ ተማሪ ነው ያነበብኩት። «አቶ ወርቁ የሞቱት በሳንባ ነቀርሳ ነው። ሕመማቸውን ከሁለት ዓመት ጀምሮ ያውቁ ነበር። ሐኪሙ አብረዋቸው የኖሩ ሁሉ እንዲመረመሩ አዝዟል።» ያችን ቃል፣ ሞቱ የምትለዋን፣ በመቃብር ላይ ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ማንም አልጮኸም። ሰው ግን ተንቀሳቀሰ። ሴቶቹ ሰብለን ደግፈው የያዟት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ፤ ክፉ ሆነው አይደለም፤ እጅ ከእሳት ሳያስብ እንደሚሸሽ ነው። በእናትና በልጅ ዙሪያ ባዶ መሬት ተፈጠረ። የእጮኛዋ አባት ከረባታቸውን አስተካከሉ።

ያንን ባዶ መሬት አቋርጦ የመጣው ኡስማን ነበር። ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

«እናት» አላቸው፣ «መኪናዬ ውጭ ናት። ሐረር ሐኪም ቤት ሳይመሽ እንደርሳለን።»

ልጅ ያባቷን ለቅሶ ትታ በቀብሩ ቀን ከከተማ ትወጣለች ማለት በእኛ ዘንድ የማይታሰብ ነው። ቢያንስ እስከ ሠልስት ድረስ ምንጣፉ ላይ መቀመጥ አለባት። አቶ ዘለቀም ይህንኑ ሊያስታውሱ አፋቸውን ከፈቱ። ወይዘሮ አስካለ አላስጨረሷቸውም።

«ትሂድ» አሉ። «የእሷንም የእኔንም እኔ እቀመጥለታለሁ።»

ሬሳው አፈር ሲለብስ ካየች በኋላ ሰብለ ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ መኪናው ሄደች፤ ለቅሶ ቤት ደርሳ እጇን እንኳ አልታጠበችም። እኔ ሁለት ወረቀቴን ይዤ ተገትሬያለሁ። ኡስማን ከበሩ ተመልሶ ጠራኝ።

«ወርያ ጸሐፊ፣ ግባ እንጂ። ፈረንሳይኛ ታውቅ የለ? እኔ አራት ቋንቋ አውቃለሁ፤ አራቱም ለገበያ ነው።»

ገባሁ። ሦስታችን በጋቢናው ውስጥ ተጣብበን የደንገጎን ተራራ ጠመዝማዛ ስንወጣ ነፋሱ ቀዝቀዝ እያለ መጣ። ሰብለ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋ ነበር፤ ትንፋሿ እንዳይነካን ነው። ኡስማን አይቷት «አቦ ዙሪ ወደዚህ፤ እኔ ሃያ ዓመት የናፍጣ ጭስ የዋጥኩ ሰው ነኝ፣ ያንቺ ምን ያደርገኛል?» አላት። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። ሳቁ ሳል አመጣባት። ያን ጊዜ ግን አላፈነችውም፤ እስኪወጣላት ሳለች።

ሐኪሙ በጊዜ መጣችሁ አለ። ወዲያው አስተኟት፤ ከዓመት በላይ በመርፌና በኪኒን ቆየች። ዳነች። ዛሬ ሐረር የልብስ ስፌት ታስተምራለች፤ ድምፅዋ ከእኔ ይጎላል። ሠርጉን በተመለከተ የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ልከው «ለጊዜው ይቆየን» አሉ። ጊዜው እስከ ዛሬ አልደረሰም። ከሰፈራችንም አንድ ሁለት ሰዎች፣ ዘመድ ጥየቃ ነው እያሉ ሐረር ወጥተው ተመርምረው መጡ። እድሩ ደግሞ «ጸሐፊያችን ሥራ ስለበዛበት» በሚል ሌላ ጸሐፊ መረጠ። እኔም እንደ ማዕረጌ በተመረጠ ቃል ተሸፍኜ ተቀበርኩ ማለት ነው።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ታሪክ በቃል ሳወራ የሰሙ ወዳጆቼ ለእውነት የቆምኩ ሰው አድርገው ሊያሞግሱኝ ይሞክራሉ። አልቀበልም። መጀመሪያ ያነበብኩት የትኛውን እንደሆነ ተናግሬያለሁ። ደግሞም በየጋዜጣው አሁን አሁን እንደሚጻፈው፣ የሕይወት ታሪክ ሁሉ የሐኪም ሰርተፊኬት ይሁን ከሚሉት ጋር አይደለሁም። ሰው በምን እንደሞተ ማወቅ የሁሉም ሰው መብት አይደለም። ብዙው ጥያቄያችን ለቅሶ የለበሰ ወሬ ነው፤ «በአጭር ሕመም» ተብሎ ቢዘጋብን የሚገባን ነው። መጠጥ የገደለውን ሰው መጠጥ ገደለው ብዬ ልጆቹ ፊት እንዳነብ ዛሬም የሚያዘኝ ቢመጣ አባርረዋለሁ።

ነገር ግን አንድ ነገር ለራሴ ደንግጌ፣ እድር በሌለበትም ቢሆን፣ ሰው ጽፍልኝ ሲለኝ እጠብቀዋለሁ። ብዕሬን ከማንሳቴ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ከሟቹ ጋር በአንድ ክፍል ያደረው ማን ነው? ማንም ከሌለ የፈለጋችሁትን ጨርቅ አልብሱት፣ እኔም አግዛችኋለሁ። ሰው ካለ ግን የሟቹ ምስጢር የሟቹ ብቻ አይደለም። የሞተው ሰው ማፈር አቁሟል። የሚያፍረውም የሚተነፍሰውም በሕይወት ያለው ነው፤ ሁለቱ ሲመዛዘኑ መተንፈስ ይበልጣል። በዚህ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ፤ ጊዜ አለኝ።

የማልከራከርበት አንድ ቦታ ግን አለ። የአቶ ወርቁ አርባ የወጣ ዕለት ወይዘሮ አስካለ አስጠሩኝ። ካርቶኑን እንድመልስ መስሎኝ ይዤው ሄድኩ። ድንኳኑ ፈርሶ ግቢው ባዶ ነበር። አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ ሰብለ ክብደት መጨመሯን ነገሩኝ፤ ከዚያ በዚያው ድምፅ ጠየቁኝ።

«ሁለተኛዋን ወረቀት መቼ ነው የጻፍካት?»

«ሰብለ እኔ ጋ መጥታ ከሄደች በኋላ። ስድስት ሰዓት ላይ።»

«እኔን ጓዳ ውስጥ ያነጋገርከኝ ሰባት ሰዓት ነው።»

«አዎ።»

«እንዳመማት እያወቅህ።»

«አስምላኝ ነበር።»

ካርቶኑን ከጭኔ ላይ አንስተው ወደ ራሳቸው አደረጉት። «ለመሐላ የምትጨነቅ ሰው መሆንህን አላውቅም ነበር» አሉ። «የስንቱን ሰው ሞት እየቀየርክ ስታነብልን ኖረህ።»

ከዚያ ሌላውን ጨመሩ።

«ባትስል ኖሮስ?»

በሰው ሁሉ ላይ መቀለድ ልማዴ ነው፤ በሹሙም፣ በእድሩም፣ በራሴም። ለዚህች ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ቀልድ አላገኘሁላትም።